ተፈጥሮ የቀጠረችው ረዳት

ሰውየው መስታወት ቆራጭ ነው። ሰፈርተኛው «ጋሼ መስታወት» ይለዋል፣ የእህቱ ልጆች «አጎቴ» ይሉታል፣ የመጨረሻዋ ትንሿ ደግሞ ጭራሽ «አባ» ብላ ጠርታው አባቷ ሰምቶ አኩርፎ ሰንብቷል። ሚስት የለውም። ሚስት የሌለው ወንድ ደግሞ በዘመድ ዓይን ሥራ የሌለው ሰው ማለት ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ቢውል እንኳ። ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ እሱ፣ ከትምህርት ቤት ማምጣት እሱ፣ የወላጆች ስብሰባ እሱ፣ ክሊኒክ ሄዶ ወረፋ መያዝ እሱ፣ ቧንቧ ሲያፈስ እሱ። መስታወት ቆራጭን ከቧንቧ ጋር ምን አገናኘው? እህቱን ጠይቋት። የእህቱ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነው። መንገድ ላይ ባልሆነበት ቀን ደግሞ ከመንገድ ስለመጣ ደክሞታል።

ክፋቱ፣ ልጆቹን ይወዳቸዋል። ባይወዳቸው ኖሮ ስንት ነገር በቀለለው! ስድስት ልጆች ናቸው፤ የስድስቱም ጥርስ ሲወልቅ፣ የስድስቱም ጉልበት ሲላጥ እሱ ነው የተጠራው። የቀሩት እህቶቹ አግብተው ሩቅ ሩቅ ሄደዋል፤ ቅርብ ያለችው ይቺ ታላቋ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ስትጠራው «ትችላለህ ወይ» ብላ አታውቅም። «ና» ነው የምትለው።

ሚስት ያላገባበትን ምክንያት በዕድሜው ሙሉ ያላብራራለት ሰው የለም። እናቱ ነፍሷን ይማረውና፣ «በሴቶች መካከል ስላደገ ነው» ትል ነበር። አባቱ ደግሞ ጥፋቱን ወደ እሷ ያዞረዋል፤ «ጡት ቶሎ ስላላስጣልሽው ነው» ይላታል። ያዋለደችው አሮጊት «ድሮም አመጣጡ በእግሩ ነበር» ብላ አረፈች። በጉርምስናው ጊዜ አንድ ሐኪም ተብዬ «ቫይታሚን አንሶታል» ብሎ መርፌ ወጋው፤ መቀመጫው አበጠ እንጂ ሌላ የመጣ ለውጥ የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው። ሁሉም ምክንያቱን ያውቃል፤ ነገሩን ግን በስሙ ጠርቶ የሚናገር አንድ ሰው የለም። ነገሩ ደግሞ አጭር ነው። ሰውየው የሚወደው ወንድ ነው። ያውም ወንድ ሁሉ አይደለም፤ አንድ አናጢ ነው።

አናጢው ከሱቁ ጎን በርና መስኮት የሚሠራ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የተዋወቁት በጠብ ነው። ለአንድ ትልቅ ሱቅ መስኮት ታዝዞ አናጢው ክፈፉን ሠራ፣ እሱ መስታወቱን ቆረጠ፤ ሊገጥሙት ቢሉ አልገባ አለ። «የለካኸው ተሳስቶ ነው» አለ መስታወት ቆራጩ። «ያንተ ነው የተሳሳተው» አለ አናጢው። እያወጡ እያስገቡ፣ እያስገቡ እያወጡ ዋሉ። ትልቅ መስታወት የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ደግሞ ቢጣሉም ጥሎ መሄድ የለም፤ አንዱ ከለቀቀ ሁለቱም ናቸው የሚቆረጡት። እናም እየተሰዳደቡ እኩል ይራመዱ ነበር። በመጨረሻ ቢታይ የተጣመመው ግድግዳው ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። አናጢው ከመስታወቱ ማዶ ከት ብሎ ሳቀ። ያን ጊዜ መስታወት ቆራጩ ልቡ ድንግጥ አለች፤ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ማብራሪያ ሁሉ ለእሱ ትርፍ ወሬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት ነጉደዋል። ለሰው ዓይን ብለው ሁለት ቤት ይከራያሉ፤ የሚያሞቁት ግን አንዱን ነው። እህቱ ታውቃለች። ባሏም ያውቃል። አናጢው ግን ደጃፋቸውን ረግጦ አያውቅም፤ ወሬው ድንገት ከተነሳም «ያ ጓደኛህ» ተብሎ ይታለፋል።

አሁን በቅርቡ ደግሞ ማብራሪያው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጣለት። የእህቱ የበኩር ልጅ ባዮሎጂ ታጠናለች፤ ቤት ውስጥ «ፕሮፌሰር» ነው የምትባለው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ከተፍ አለች። እሱ ጎንበስ ብሎ ብርሃን እንጂ ሰው የማያሳይ መስታወት እየቆረጠ ነው፤ እናቷ ለጓሮው ክፍል ያዘዘችው ነው፣ ለተከራይ።

«አጎቴ፣ እጅህን ስጠኝ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«የሌባ ጣትህን ከቀለበት ጣትህ ጋር ልለካው ነው። የሁለቱ ልዩነት አንዳንድ ነገር ይናገራል ተብሎ ይታመናል።»

«ምን ይናገራል?»

ፕሮፌሰሯ ቀላች። «ያው... አንተን። ማለቴ እንዳንተ ያሉ ሰዎችን።»

መቁረጫውን አስቀመጠ። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ «እንዳንተ ያሉ» ብሎ ፊት ለፊት የተናገረው የመጀመሪያ ሰው ይቺ ልጅ ናት። ይቆጣ ወይስ ግንባሯን ይሳማት ግራ ገባው። ቀኝ እጁን ሰጣት፤ የቀለበት ጣቱን ጫፍ መስታወት ከወሰደው ግን ቆይቷል። «በግራህ ይሁን» አለች፣ ሳቅ ሳቅ እያላት።

ከዚያማ ተለቀቀችበት! ታላላቅ ወንድሞች ነበሩህ ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ወንዶች ደጋግማ የወለደች እናት ማህፀኗ እየተለወጠ ይሄድና ለኋለኛው ልጅ እንዲህ ዓይነት ነገር ይመጣል የሚል ጥናት አለ አለችው። አንድ ለእናቱ ወንድ እንደሆነ እያወቀች! «ታላላቅ ወንድሞች ቢኖሩህ እንዴት ጥሩ ነበር» ብላ አዘነች፤ እሱም ሳያስበው «ይቅርታ» አላት። ቀጥላ ደግሞ የሰው ፊት ግራና ቀኙ እኩል ሲሆን ይማርካል፣ የጤና ምልክት ስለሆነ ከጥንት ጀምሮ ዓይናችን እሱን ይፈልጋል አለች። እሱ የአናጢውን አፍንጫ አሰበ። በወጣትነቱ በር ወድቆበት ወደ ግራ የሄደ አፍንጫ ነው፤ አንዱ ጆሮው ደግሞ ከሌላው ዝቅ ይላል። በዚህ ሒሳብ ያንን ሰው ዞር ብሎ የሚያየውም መኖር አልነበረበትም።

«ጠረንም አለ» አለች። «ሰው ሳያውቀው በጠረን ይመራረጣል።»

«እሱ የሚሸተው ቫርኒሽ ነው። ቫርኒሽም በዘር ይተላለፋል?»

«ኧረ አጎቴ፣ እየቀለድክ ነው!»

«እሺ አንቺ የምር ንገሪኛ። ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

ፕሮፌሰሯ የእንጨት ሣጥን ስባ ተቀመጠች። ነገሩ እንቆቅልሽ ነው አለች። ልጅ የሚያስወልድ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ ይበዛል፤ ልጅ የማያስወልድ ጠባይ ደግሞ እየመነመነ ይጠፋል። «ታዲያ እናንተ በየዘመኑ፣ በየአገሩ አላችሁ። ለምን አላለቃችሁም?»

«ብናልቅ ይሻልሽ ነበር?»

«አይደለም! ምክንያት መኖር አለበት እያልኩ ነው። ምክንያት ካለው ደግሞ ማንም እርግማን ነው ሊል አይችልም። ለእማዬና ለአባዬ እሁድ ምሳ ላይ አስረዳቸዋለሁ።»

«አደራሽን እንዳታደርጊው!» አለ፤ ግን ዓይኗን አየ። ልጅቷ ለእሱ ጠበቃ ልትቆም ነው። መላው ዘመዱ አንድ ቀን ያላደረገውን ልታደርግ ነው። «እንደፈለግሽ» ብሎ ወደ መስታወቱ ተመለሰ።

እሷ እንደወጣች አናጢው ገባ። መላጊያውን እንደያዘ ነው። እሱ ሥራ ጥሎ ከመጣ ነገር አለ ማለት ነው።

«ሙያ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ዓይናቸው ደከመ» አለ። «ሐይቁ ዳር ያለውን ወርክሾፕ ለእኔ ለቀውልኛል። ሰኞ ዕቃዬን የሚጭን መኪና ይመጣል።»

«እና?»

«እና እሄዳለሁ።»

«እኔስ?»

አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ ከዚያ በፊት ተናግሮት የማያውቀውን ያህል ተናገረ። «አንተማ ታውቃለህ። እዚያ ያለው አንድ ቤት ነው፤ ሁለተኛ ቤት አልከራይም። ለሰው ዓይን ስል አረጀሁ፣ በቃኝ። ከመጣህ በአንድ በር ወጥተን በአንድ በር እንገባለን። ካልመጣህም አልቀየምህም። ግን ከእንግዲህ በጨለማ ሹልክ ብዬ የምገባ ሰው አይደለሁም።» ይህን ብሎ መላጊያውን አነሳ።

ይኸው እንግዲህ! አንዱ በመኪና ጭኖ ሊሄድ፣ አንዷ በማስመሪያ ጣት ልትለካ! መስታወት ቆራጩ እርር ድብን አለ። እንዴት ይሂድ? ትንሿን ማን ያደርሳታል? ሁለተኛው ልጅ ደረቱን ሲያፍነው መተንፈሻውን የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው። እንዴትስ ይቅር? ያን የተጣመመ አፍንጫ ሳያይ የሚነጋ ቀን ምን ዓይነት ቀን ነው? በሆዱ አንድ ነገር አሰበ። እህቱ ገበታዋ ላይ፣ አፏን ሞልታ፣ ይሄ ሰው የወንድሜ ሰው ነው ብላ ብትቀበል፣ ምናልባት አናጢውም ልቡ ይራራ ይሆናል። «እሁድን ታገሠኝ» አለው። «እሺ» አለ አናጢው። ወደ ቃል ቁጠባው ተመለሰ።

እሁድ ረፋዱ ላይ መስታወቱን ይዞ እህቱ ቤት ሄደ። የጓሮው ክፍል ተጠርጎ፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ አልጋ ገብቶበታል። በሩ ወደ ጓሮው መንገድ ነው የሚከፈተው፤ በዋናው ግቢ በኩል መግቢያ የለውም። «ተከራዩ ሰው እንዲያየው የማይወድ ነው» አለችው እህቱ፣ ከወጥ ቤት በመስኮት እየጮኸች። «በደንብ ግጠመው!» በደንብ ገጠመው። መስታወቱን የሚይዘውን ስቱኮ በጣቱ እየዳበሰ አስተካከለ፣ ጠርዙን ወለወለ። ሥራው አምሮ ታየው።

ምሳው ቀረበ። ሹፌሩ በዚያ ቀን ከመንገድ መጥቶ ደክሞታል። ትንንሾቹ ቀምሰው ወደ ግቢ ሲሮጡ ፕሮፌሰሯ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እማዬ፣ አባዬ፣ ስለ አጎቴ ላወራችሁ ነው።»

ሹፌሩ መጉረስ አቆመ። እህቱ «ምን ሆነ?» አለች፤ ምን እንደሆነ እያወቀች።

ፕሮፌሰሯ ጀመረች። በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ ፈተና። ሚስት የማያገቡ፣ ወንድ የሚወዱ ወንዶች በሰው ዘር ሁሉ ውስጥ አሉ አለች። ስትለው ሹፌሩ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ፤ እህቱ ወደ በሩ አየች፣ ልጆቹ ሰምተው እንደሆነ። ፕሮፌሰሯ አላቆመችም። አንዳንድ ወፎች አሉ አለች፣ የራሳቸውን ጎጆ የማይሠሩ፤ የእህት የወንድማቸውን ጫጩቶች እየመገቡ፣ እየጠበቁ የሚኖሩ። የእህት ልጅ ደም የራስም ደም ነው። ስለዚህ አንድ አጎት የእህቱን ልጆች ካሳደገ፣ እሱ ባይወልድም ዘሩ ይቀጥላል። ደግሞ ሌላ ጥናት አለ፤ እንደዚህ ያሉ ወንዶች የእናታቸው ወገን ሴቶች ብዙ ልጅ ይወልዳሉ ይላል። «እማዬ፣ ያንቺ ስድስት መውለድና የአጎቴ እንዲህ መሆን ከአንድ ምንጭ የመጣ ሊሆን ይችላል!»

መስታወት ቆራጩ ሳህኑን ነው የሚያየው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለ ራሱ ሲወራ እንደ እንግዳ ተቀምጦ መስማት እንዴት ያለ ጣጣ ነው!

መጀመሪያ የተናገረው ሹፌሩ ነው። ጭኑን መታ አደረገ። «አሃ! እንዲህ አትይም ነበር ታዲያ? ረዳት ማለትሽ ነው እኮ! መኪና ያለ ረዳት ይሄዳል? አይሄድም። ጎማ የሚቀይረው ማነው? ወርዶ የሚጠቁመው ማነው? ረዳት! ተፈጥሮም ረዳት ቀጠረችልን ማለት ነው!» ብሎ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚስቱን ወንድም ትከሻ በፍቅር መታው።

እህቱ ግን አለቀሰች። «እርግማን አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም፣ እማዬ።»

«እናቴ እርግማን ነው ብላ ነው የሞተችው። እኔም እኮ ስንት ዘመን በሆዴ... ለካስ እኛን እንዲረዳን ነው እግዜር እንዲህ አድርጎ የሰጠን!» ተነስታ የወንድሟን ራስ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

መስታወት ቆራጩ ዓይኑ እንባ ሞላ። ለምን ይዋሻል? ይቺን ቃል በዚያ ገበታ ላይ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቋል። «እርግማን አይደለም» ተባለ፣ በድምፅ፣ ሹፌሩ እየሰማ! እቀራለሁ አለ በልቡ። አናጢውን እለምነዋለሁ፣ እዚህ ይዤው እመጣለሁ፣ እዚያች ወንበር ላይ ይቀመጣል። ነገሩ ሁሉ ቀሎ ታየው።

«በል እንግዲያው ምስጢሩን ልንገርህ» አለች እህቱ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ ደስ ብሏት። «ተከራይ የሚባል ነገር የለም። የጓሮው ክፍል ያንተ ነው!»

«የእኔ?»

«ያንተ ነዋ! ምን እዚያ ድረስ ትመላለሳለህ? እዚሁ ትኖራለህ። ጠዋት ልጆቹን ቀስቅሰህ ታደርሳለህ፣ ማታ ታስጠናለህ። እኔም ወደ ሥራ ልመለስ ነው። ያ ጓደኛህም ቢሆን...» ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ለጋስ ሆና። «እሁድ እሁድ ይምጣ። በሩ በጓሮ ስለሆነ ማንም አያየውም። መስኮቱም ሰው አያሳይም። ሁሉንም አስቤበታለሁ፣ ለአንተ ብዬ!»

በሬ ካራጁ ይውላል አሉ! ጠዋት በገዛ እጁ ነው የገጠመው። ስቱኮውን በጣቱ ዳብሶ፣ ጠርዙን ወልውሎ፣ አምሮልኛል ብሎ! የሚደብቁት ራሱን ነው፤ የሚደበቅበትን መስታወት የቆረጠውም ራሱ ነው። ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጣበትና ትን አለው። ሹፌሩ ውሃ ሰጠው፤ እንደ ደህና ረዳት።

«እትዬ፣ አመሰግናለሁ» አለ ሲመለስለት። «ግን አልገባም።»

«እንዴት?»

«ነገ ከአናጢው ጋር ወደ ሐይቁ እሄዳለሁ። እዚያ ልኖር ነው።» ቃሉ ከአፉ እስኪወጣ ድረስ እሱም መሄዱን አላወቀም ነበር።

የእህቱ ፊት ቅጭም አለ። «ልጆቹን ማን ያመላልሳቸዋል?»

«አባታቸው።»

«እኔ?» አለ ሹፌሩ፣ ሞት የተፈረደበት መስሎ።

«አሁን ደህና ተስማምተን!» እህቱ እጇን አወናጨፈች። «ልጅቷ አስረዳችን፣ ተረዳን፣ ተቀበልንህ! ምን ቀረህ ከዚህ በላይ? ተፈጥሮህ ነው ተባለ እኮ! ከተፈጥሮህ ልትሸሽ ነው?»

«ተፈጥሮዬ ያንቺን ልጆች ማድረስ ነው ያለሽ ማነው? ተፈጥሮዬ ያ ሰውዬ ነው! እሱን መውደዴ ነው ተፈጥሮዬ! እንዴት ነው ይሄ የማይገባችሁ? ሁላችሁም ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ፤ ማንን እንደምወድ የጠየቀኝ ግን የለም። ስሙን እንኳ አታውቁትም!» ጮኸ። ጮኾ አያውቅም ነበር፤ ግቢ ያሉት ልጆች ጨዋታቸውን አቆሙ። ድምፁን ቀነሰ፣ ኮቱን አነሳ፣ ግቢ ውስጥ ትንሿን ጉንጯን ስሞ ወጣ።

ፕሮፌሰሯ በሩ ላይ ደረሰችበት። ዓይኗ ቀልቷል።

«አጎቴ፣ የእኔ ጥፋት ነው።»

«አይደለም።»

«ስለ ወፎቹ ያልኩት... እውነቱን ልንገርህ፤ መላ ምት ነው። አንዳንድ ቦታ የተጠኑ አጎቶች እውነትም ከሌላው የበለጠ ሲረዱ ተገኝተዋል። ብዙ ቦታ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ናቸው። ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን እንደ ጸሎት አነበነብሽው?»

«ከሁሉም ቶሎ የሚገባቸው እሱ መስሎኝ።»

«ገባቸዋ! የሚጠቅም ነገር ለማን አይገባም?» ቆመ፤ ንዴቱ እንደገና ተነሳበት። «ቆይ፣ አንድ ልጠይቅሽ። አባትሽ እናትሽን ለምን እንደወደዳት መርምረሽ ታውቂያለሽ? ጣቱን ለክተሽዋል?»

«እሱማ ያው ጤነ...» አለችና አፏን ያዘች።

«አየሽ?»

ልጅቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «እኔ እኮ እንዲወዱህ ብዬ ነው!»

«ድሮም ይወዱኛል፣ የኔ ልጅ። የሚላላክን ሰው ማን ይጠላል?» እንባዋን በመዳፉ ጠረገላት። «አንድ ቀን እንኳ ለምንም ሳልጠቅማቸው ቢወዱኝ ብዬ ነው እኔ። እሱን ጥናትሽ ውስጥ ፈልጊልኝ።»

ሰኞ ጠዋት መስታወቶቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከአናጢው እንጨቶች ጋር ተጫኑ። መንገድ ላይ የወፎቹን ነገር ለአናጢው ነገረው። አናጢው ብዙ አሰበና «የትኛዋ ወፍ?» አለ። «እኔ ምን አውቄ!» አለ መስታወት ቆራጩ።

ሐይቁ ዳር ቤቱ እውነትም አንድ በር ነው ያለው። ጎረቤት አየ፤ አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ የተሰበረ መስኮቱን ይዞ መጣ። የእህቱ ስልክ ግን ፋታ አልሰጠውም። «የምድር ቤቱን ቁልፍ የት ነው የምታስቀምጠው?» «የትንሿ ሽሮፕ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» «የሒሳብ አስተማሪዋ ማነው ስሟ?» ሰላምታ የሚባል ነገር የለም። እሱም ይመልሳል፣ ይናደዳል፣ ስልኩን ይዘጋና ለአናጢው «ይኸው ከዚህ ሆኜም ረዳት ነኝ!» ይለዋል። አናጢው ይልጋል።

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ቁልፉም ተገኘ፣ ሽሮፑም ታወቀ፣ የአስተማሪዋም ስም ተጠና መሰለኝ፣ እህቱ ጭራሽ ጠፋች። ይኼኔ ደግሞ ባሰበት! «አላልኩህም? አልጠቅምም፤ ተረሳሁ!» እያለ ወርክሾፑን በንዴት ይንጎራደድበት ጀመር። አንድ ቀን ሲነጫነጭ ደህና መስታወት ሰበረ። አናጢው ታከተው። «ደውልላታ» አለው። «አልደውልም! እሷ ናት ታላቅ።» «እሺ ተወው።» «እንዴት እተወዋለሁ?» ወይ ጣጣ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ አነሳው።

«ምን ተሰበረ?»

«ምንም አልተሰበረም።»

«ትንሿን አመማት?»

«ደህና ናት። አባቷ ነው አሁን የሚያደርሳት። በዚያ በጭነት መኪናው እየወሰዳት የትምህርት ቤቱን አጥር ገጭቶ አዋርዶናል።»

«ሁለተኛው ደረቱን...»

«ኧረ ሁሉም ደህና ናቸው!»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት ምንድን ነው፣ እትዬ? ሥራ ላይ ነኝ። የፈለግሽውን ንገሪኝ።»

«ምንም ነው ያልኩህ! ኤጭ! አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ልጆቹ ወጡ፣ ቤቱ ጭር አለ፣ ብቻዬን ቁጭ አልኩ፣ ናፈቅከኝ። ደወልኩ። ሰው ወንድሙ ቢናፍቀው አይደውልም?»

መስታወት ቆራጩ እንጨቱ ላይ ቁጭ አለ። የሚቀጥለውን ጠበቀ፤ «ደግሞ» የምትለውን፣ «እግረ መንገድህን» የምትለውን። አልመጣም። የምትተነፍሰው ብቻ ነው የሚሰማው።

«አለህ ወይ? ኧረ ተናገር!» አለች፣ ተናዳ።

«አለሁ» አለ።